የ200 ዶላር ሽጉጥ ስንት ዶላር ያስወጣል?

ሽጉጥ እንደ ማናቸውም ሸቀጥ በመስታወት መደርደሪያ ተደርድሮ፣ ዋጋው ተለጥፎበትና የበዓል ቅናሽ ወጥቶለት የሚሸጥበት አገር አሜሪካ ነው። ይህ ለእኛ ነጋዴ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። እዚህ የማካሮቭንና የስታርን ስም የማያውቅ ጥቂት ቢሆንም፣ በሕግ ሽጉጥ የሚያዘው በመንግሥት ፈቃድ እንጂ ገበያ ወጥቶ በመግዛት አይደለም። ይሁንና በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአትላንታ፣ በዳላስና በሲያትል ሱቅ፣ ነዳጅ ማደያና መጠጥ ቤት ከፍተው እስከ ሌሊት የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ሥራው ጥሬ ገንዘብ የሚያዝበት፣ ሰዓቱም የሚያሰጋ ነውና አንዳንዶቹ ውለው አድረው ወደ አንድ ጥያቄ ይመጣሉ፤ «ብዙ ሳላወጣ የምገዛው ደህና ሽጉጥ የትኛው ነው?» በንግዱ ድርሻ ያላቸው ዘመዶችም ከአዲስ አበባ ሆነው በስልክ አብረው ይመክራሉ።

ይህ ጽሑፍ የጦር መሣሪያ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል በሚለው ክርክር አይገባም። ዓላማው ገበያውን እንደ ገበያ ማየት ነው። የዋጋው ርካሽነት ከየት ይመጣል? በመለያው ላይ ያልተጻፈው ወጪ ምን ያህል ነው? ሕጉስ ማንን ይፈቅዳል፣ ማንን ይከለክላል? ዓመተ ምሕረቶቹ፣ የአገራችን አዋጅ ሲጠቀስ ካልሆነ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርካሹ ሽጉጥ እንዴት ተወለደ?

የርካሽ ሽጉጥ ኢንዱስትሪ በአሜሪካ የተስፋፋው በሕግ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ «ለስፖርት አገልግሎት የማይስማሙ» ትናንሽና ርካሽ ሽጉጦች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። ሕጉ ግን እዚያው አገር ውስጥ የሚመረቱትን አልነካም። አስመጪው ሲዘጋበት የአገር ውስጥ አምራቹ ክፍቱን ገበያ አየ። ከ1970 ጀምሮ በሎስ አንጀለስ ዙሪያ ሬቨን፣ ጄኒንግስ፣ ዴቪስ፣ ሎርሲንና ብራይኮ የተባሉ ኩባንያዎች ተራ በተራ ተቋቋሙ። ከመቶ ዶላር በታች የሚሸጡ፣ ኪስ ውስጥ የሚገቡ ሽጉጦችን በብዛት ማምረትም ያዙ። በ1994 የወጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጥናት እነዚህን ፋብሪካዎች በአንድነት «የእሳት ቀለበት» ሲል ሰየማቸው።

የዋጋው ምስጢር በብረቱ ላይ ነበር። ደህና ሽጉጥ ከጠንካራ ብረት ተቀርጾ ይወጣል፤ እነዚህ ግን ዛማክ ከሚባል የዚንክ ቅይጥ በቅርጽ ማፍሰሻ ይሠሩ ነበር። ዚንኩ በ400 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ምድጃው፣ ነዳጁና ማሽኑ ሁሉ ይረክሳል። በአንጻሩ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ይሰነጠቃልም።

የኩባንያዎቹ ፍጻሜ ለገዢም ለነጋዴም ትምህርት ይሆናል። በ1994 አንድ የ7 ዓመት ሕፃን፣ አንድ ወጣት የብራይኮን ሽጉጥ ጥይት ለማውጣት ሲሞክር ባርቆበት አካሉ ሽባ ሆነ። ሽጉጡ የተሠራው ጥይቱን ለማውጣት መጀመሪያ የደህንነት መቆለፊያውን ወደ «ተኩስ» ማዞር ግድ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በ2003 ጁሪው ጠቅላላ ጉዳቱን ወደ 51 ሚሊዮን ዶላር ገመተ፤ ከዚህም ከፍ ያለ ድርሻ በአምራቹ ወገን ላይ ወደቀ። ኩባንያው ወዲያው ኪሳራ አወጀ። ሎርሲንና ዴቪስ ከዚያ በፊት በኪሳራ ወጥተዋል። ካሊፎርኒያ በ1999 ባወጣችው ሕግም ሽጉጥ ሁሉ ከ2001 ጀምሮ የመውደቅና የመተኮስ ፈተና ማለፍ እንዳለበት ደነገገች።

በመሆኑም ዛሬ በአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ80 እና በ100 ዶላር የሚገኘው የእነዚህ ኩባንያዎች ሽጉጥ አምራች የለውም፣ ዋስትና የለውም፣ መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም። «ርካሽ» ሳይሆን «ወላጅ አልባ» ቢባል ይሻላል።

የዛሬው ገበያ በአራት እርከን

ዛሬ በበጀት ለሚገዛ ሰው ገበያው በአራት ይከፈላል። ዋጋው እንደ ሱቁና እንደ ክፍለ ግዛቱ ስለሚለያይ ቁጥሮቹ ግምት ናቸው።

የመጀመሪያው እርከን 200 ዶላር አካባቢ ነው። እዚህ የሚታወቀው የኦሃዮው ሃይ-ፖይንት ነው። ከላይ የሚንሸራተተው ክፍሉ ዛሬም ከዚንክ ቅይጥ ነው። ሲተኮስ አፈሙዙን የሚቆልፍ ስልት የለውም፤ የጥይቱን ግፊት የሚይዘው የብረቱ ክብደት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሽጉጡ ከባድና ግዙፍ ነው። ለኪስ አይመችም፣ መልኩም አያምርም። ይሁንና ከእሳት ቀለበቱ ኩባንያዎች የሚለየው ፋብሪካው ዛሬም በሥራ ላይ መሆኑና ሽጉጡ ሁለተኛም ይሁን ሦስተኛ እጅ ላይ ቢደርስ የዕድሜ ልክ ዋስትና መስጠቱ ነው።

ሁለተኛው እርከን ከ250 እስከ 350 ዶላር ነው። ፉክክሩ የጦፈው እዚህ ላይ ነው። የብራዚሉ ታውረስ፣ ከአሜሪካ የሩገር ሴኪዩሪቲ-9 እና የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤስዲ ተከታታይ፣ ከቱርክ ካኒክ፣ ሳርስልማዝና ጊርሳን በዚህና በአቅራቢያው ዋጋ ይሸጣሉ። ፊሊፒንስ ውስጥ የሚሠራው አርምስኮርም የድሮውን የአሜሪካ ጦር ሽጉጥ አምሳያ ከሌሎች ባነሰ ዋጋ ያቀርባል። እነዚህ ርካሽ የሆኑት በብረታቸው ሳይሆን በሠራተኛ ደመወዝና በገንዘብ ምንዛሪ ነው። የቱርክ ሊራ በወደቀ ቁጥር የሳምሱንና የጊሬሱን ፋብሪካዎች በዶላር ሲሸጡ ይረክሳሉ። ይህን ሂሳብ ላኪ ነጋዴዎቻችን በሚገባ ያውቁታል።

ሦስተኛው እርከን ያገለገለ ዕቃ ነው። የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች መሣሪያ ሲቀይሩ አሮጌውን ለነጋዴ መልሰው በአዲሱ ዋጋ ላይ ያቻችሉታል። እነዚህ ሽጉጦች ለዓመታት በወገብ ላይ ስለሚውሉ ውጫቸው ይገጠባል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተተኮሱት ጥቂት ነው። ውስጡ ደህና የሆነ ግሎክ ከ300 እስከ 400 ዶላር የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። በጨለማ የሚያበራው የፖሊስ ማነጣጠሪያ ትሪቲየም በሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል፤ የዚህም ብርሃን በ12 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሻጩ «ባለ መብራት ነው» ብሎ ዋጋ ቢጨምር ገዢው የተሠራበትን ዓመት ይጠይቅ።

አራተኛው እርከን ከ450 እስከ 600 ዶላር ያለው አዲስ ግሎክና እኩዮቹ ናቸው። ይህ የበጀት ዕቃ ባይሆንም የሌላው ዋጋ የሚመዘንበት መለኪያ ነው።

የምርት ስም ብቻውን ዋስትና አይደለም። በአሜሪካ በቀረበ የጋራ ክስ የታውረስ ዘጠኝ ሞዴሎች ሲወድቁ ይተኩሳሉ ተብሎ፣ ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በ2015 ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሽጉጦችን የሚመለከት ስምምነት ፈርሟል። ሩገር በ2008 ኤልሲፒ የተባለውን ትንሽ ሽጉጥ፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ በ2020 ሺልድ ኢዚ የተባለውን ለጥገና ጠርተዋል። ልዩነቱ ጥሪ ሲደረግ በነፃ የሚጠግን ኩባንያ መኖሩ ነው። ያገለገለ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው የመለያ ቁጥሩን ይዞ ለአምራቹ ቢደውል ጥሪ እንዳለበትና እንደሌለበት በደቂቃዎች ያውቃል።

በመለያው ላይ ያልተጻፈው ሂሳብ

ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። 300 ዶላር ያለው ሰው የ300 ዶላር ሽጉጥ ይገዛል፤ ከዚያ ጥይት መግዣ፣ መማሪያ፣ መቆለፊያ የለውም። በዋጋው ውስጥ ከ10 በመቶ የሚቆጠረው የፌዴራል ኤክሳይዝ ታክስ አስቀድሞ ስለተካተተ ገዢው አያየውም። ሌላውን ግን ያየዋል።

ለምሳሌ በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ባለ ሱቅ የ300 ዶላር ሽጉጥ ገዛ እንበል። 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ 18 ዶላር ነው። ለግዢ ፈቃድና ለጣት አሻራ 100 ዶላር ገደማ፣ ለትምህርቱ 120፣ ለ10 ፓኬት (500 ጥይት) መለማመጃ በ15 ዶላር ሂሳብ 150፣ ለተቆላፊ የብረት ሣጥን 100፣ ለጆሮና ለዓይን መከላከያ 40፣ በተኩስ መለማመጃ ቦታ ለአራት ጊዜ 80 ዶላር እንያዝ። ጠቅላላው 908 ዶላር ይሆናል። ሽጉጡ ራሱ የወጪው አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው።

በዚሁ ስሌት የ200 ዶላሩ ሽጉጥ 802 ዶላር፣ የ500 ዶላሩ ደግሞ 1,120 ዶላር ያስወጣል። እዚህ ላይ ነጋዴ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ከ200 ወደ 500 ሲኬድ የሽጉጡ ዋጋ ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ ጠቅላላ ወጪው ግን የሚጨምረው በ40 በመቶ ነው። መልሶ ሲሸጥም የታወቀው ስም ዋጋውን ይይዛል፣ የታችኛው እርከን ግን ግማሹን እንኳ ላያወጣ ይችላል። ስለሆነም በጀት ሲጠብ ከሁሉ በፊት መቀነስ ያለበት የስም ክብርና ጌጥ እንጂ ትምህርቱና መቆለፊያው አይደለም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ይሠራል።

የጥይት ዓይነትም የወጪ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ገበያ 9 ሚሊ ሜትር በብዛት ስለሚመረት ከደህና ሽጉጥ ጥይቶች ርካሹ እሱ ነው። «.380» የሚባለው አጭሩ ጥይትም ሆነ የሪቮልቨሩ «.38» ኃይላቸው አንሶ ሳለ ዋጋቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ9 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በሽጉጡ 50 ዶላር ያተረፈ ሰው በየወሩ በጥይት ይከፍላል። ተጨማሪ የጥይት ካዝናም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ፋብሪካ ከሽጉጡ ጋር አንድ ብቻ፣ ሌላው ሁለት ይሰጣል፤ አንዱ ለብቻው ከ20 እስከ 45 ዶላር ያወጣልና ከዋጋው ጋር አብሮ ይቆጠር።

ማን ይገዛል? ማንስ አይገዛም?

በአሜሪካ «ሁሉም ሰው ገብቶ ይገዛል» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ፈቃድ ካለው ነጋዴ የሚገዛ ሰው 4473 የሚባለውን የፌዴራል ቅጽ ይሞላል። ከኅዳር 1998 ጀምሮም ስሙ በመረጃ ቋት ይመረመራል። የፌዴራሉ ሕግ ሽጉጥ ለሚገዛ ሰው 21 ዓመት ይጠይቃል፤ በዕድሜው ላይ በፍርድ ቤቶች ክርክር ተነሥቶበታል።

ለወገኖቻችን ዋናው የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሕጋዊ ነዋሪ በሆነበት ክፍለ ግዛት መግዛት ይችላል። በጎብኚ፣ በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መግዛትም መያዝም አይችልም። ያለ ፈቃድ የሚኖርም እንዲሁ። ጥሰቱ ከእስር ሌላ ከአገር የሚያስባርር ወንጀል ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት፣ ቀላል በሚባለውም ቢሆን፣ የተፈረደበት ሰው ከ1996 ጀምሮ ተከልክሏል። ቅጹ ሕገ ወጥ ዕፅ ተጠቃሚ መሆንንም ይጠይቃል። ማሪዋና በክፍለ ግዛቱ ቢፈቀድም የፌዴራሉ ቅጽ አይቀበለውም። ብዙዎች የማያስቡት ደግሞ ጫት ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ከጥብቅ ክልክል ዕፆች አንዱ ነው። እዚህ እንደ ሻይ የሚታየው ልማድ እዚያ በቅጽ ላይ የሐሰት ቃል ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ስህተት በሰው ስም መግዛት ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ገንዘብ ሰጥቶ ግሪን ካርድ ያለው የአጎቱ ልጅ ቢገዛለት፣ ለእኛ ዝምድና ነው፤ ለሕጉ ግን ወንጀል ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ቅጣቱን እስከ 15 ዓመት እስራት አድርሶታል።

የስም ነገርም አለ። የእኛ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚመዘገብ የብዙ ሰው ስም ይመሳሰላል፤ በምርመራው «ይቆይ» የሚል መልስ ይበዛል። በቅጹ ላይ የሚጻፈው ስምና አድራሻ ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆን አለበት። በየጊዜው የሚጓተትበት ሰው ለኤፍ.ቢ.አይ. አመልክቶ የግል መለያ ቁጥር ማውጣት ይችላል።

የክፍለ ግዛቱ ሕግ ደግሞ ከፌዴራሉ ይለያል። ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ የአራት ሰዓት ትምህርትና የጣት አሻራ ያለበት ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ሰባት ቀንም ታስጠብቃለች። ከ1988 ሕግ ወዲህም በዝርዝሯ ያልተመዘገበ ሽጉጥ ሱቅ ውስጥ አይሸጥም። ዝርዝሩ የወጣው እነዚያን ርካሽ ሽጉጦች ለማገድ ነበር። ካሊፎርኒያ አሥር ቀን፣ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ደግሞ አሥር የሥራ ቀን ያስጠብቃሉ። በዋሽንግተን ዲሲ እያንዳንዱ ሽጉጥ በፖሊስ ይመዘገባል። የቨርጂኒያ የመያዣ ፈቃድ በሜሪላንድም በዲሲም አይሠራም። ቨርጂኒያ አድሮ ዲሲ የሚነግድ ሰው ድልድዩን ሲሻገር ሕጋዊው ሽጉጡ ሕገ ወጥ ይሆንበታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ከመግዛት በፊት ሱቁ ያለበትንም ቤቱ ያለበትንም ሕግ መጠየቅ ይገባል።

ያገለገለ ሽጉጥ ሲታይ

አንደኛ፣ የመለያ ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይነካም፤ መያዙ ብቻውን ወንጀል ነው። ሁለተኛ፣ አምራቹ በሥራ ላይ መሆኑ ይረጋገጥ። ሦስተኛ፣ ባዶነቱ በሻጩም በገዢውም ታይቶ አፈሙዙ በብርሃን ይታይ፤ ዝገት፣ እብጠት ወይም ስንጥቅ ካለ ይቅር። አራተኛ፣ በእጅ ይመዘን። ትንሹ ሽጉጥ ለኪስ ቢመችም ሲተኮስ በኃይል ይገፋል፣ ለጀማሪም ለማነጣጠር ያስቸግራል። መካከለኛው መጠን ለሱቅም ለመማርም ይሻላል። አምስተኛ፣ ብዙ የመለማመጃ ቦታዎች ሽጉጥ ያከራያሉ። በ20 ዶላር ሞክሮ መተው 300 ዶላር ከፍሎ ከመጸጸት ይረክሳል።

ወጪው በእርግጥ ይህ ነውን?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ነጋዴ አንድ ወጪ ሲያወጣ በዚያው ገንዘብ ሌላ ምን ይገዛ እንደነበር ያሰላል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ሌሊት ለሚሠሩ ሱቆች ባወጣው መመሪያ በመሳቢያ ጥቂት ገንዘብ ብቻ መያዝን፣ ቀሪውን ሠራተኛው ሊከፍተው በማይችል ካዝና መጣልን፣ ከውጭ ወደ ውስጥ በግልጽ እንዲታይ መስኮቱን ከማስታወቂያ ማጽዳትን፣ ብርሃንና ካሜራን ይመክራል። ከላይ የተሰላው 900 ዶላር ከእነዚህ ውስጥ ከፊሉን ይሸፍናል። የሱቁን የኪራይ ውልና የኢንሹራንስ ፖሊሲ ማንበብም ነፃ ነው፤ አንዳንዱ ውል በሥራ ቦታ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል።

በቤት ያለው አደጋም ሂሳብ ውስጥ ይግባ። በ2020 በታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ይልቅ በመሣሪያ ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው ስምንት እጥፍ፣ ሴቶች ደግሞ ከ35 እጥፍ በላይ ነው። ብቸኝነትና የሥራ ጫና በሚበዛበት የስደት ኑሮ ይህን ቁጥር ሳያዩ ማለፍ አይገባም። በቤት ውስጥ የተጨነቀ ሰው ወይም ልጅ ካለ ትክክለኛው ውሳኔ አለመግዛት ሊሆን ይችላል። የገዛም ሰው ከ2005 ሕግ ወዲህ ነጋዴው ከሽጉጡ ጋር መቆለፊያ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት አውቆ ይጠይቅ፣ ይጠቀምበትም።

በመጨረሻም ለአዲስ አበባ አንባቢ አንድ ማሳሰቢያ አለን። እዚያ በሕግ የተገዛ ሽጉጥ እዚህ በሕግ አይገባም። ከአሜሪካ ሲወጣ የዚያ አገር የኤክስፖርት ሕግ ይመለከተዋል፤ እዚህ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ማስገባትም፣ መያዝም፣ መነገድም ወንጀል ነው። በኮንትሮባንድ የሚያዙት የቱርክ ሽጉጦች በየጊዜው በዜና ይሰማሉ። ዘመድ «ላምጣልህ?» ቢል መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም።

ባጭሩ፣ በበጀት የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ መብቱን፣ ቀጥሎ የቤቱን ሁኔታ፣ ከዚያ ጠቅላላ ሂሳቡን ይመልከት። ይህን ሁሉ አልፎ የሚገዛ ከሆነ ከ300 ዶላር አካባቢ ያለው አዲስ 9 ሚሊ ሜትር፣ ወይም ከፖሊስ የወጣ ደህና ያገለገለ ሽጉጥ የገንዘቡን ያህል ይሰጠዋል። 900 ዶላሩ ከሌለው ግን ሽጉጡም አልተቻለውም ማለት ነው፤ በ200 ዶላር የብርሃን መብራትና ጠንካራ ቁልፍ ቢገዛ ያተርፋል።